በባላጋራዬ ልብ ዙሪያ ያለው ውኃ

መጋቢት ፩፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ፲ ሰዓት

የራጁ ሞተር ዛሬም በሦስተኛው ጉተታ ተነሣ። ናፍጣው ውኃ አለበት። ለዶ/ሩ ነገርኩት፤ ለነጋዴው ይንገሩት አለኝ። ለነጋዴው ነገርኩት፤ ለዶ/ሩ ይንገሩት አለኝ። ሁለቱንም ተውኳቸውና በጨርቅ አጠለልኩት።

ስድስት ደረት፣ አንድ ክንድ፣ አንድ ሆድ። ሆዱ የቄስ ነው። ጨጓራቸው በራጅ ጎልቶ እንዲታይ ነጩን ዱቄት በውኃ በጥብጬ ሰጠኋቸው። አዩትና አስቀመጡት። ወተት ይመስላል፣ ዐቢይ ጾም ነው አሉ። የተፈጨ ድንጋይ ነው፣ ላም አታውቀውም አልኳቸው። ሰው ቢያየኝ ምን ይላል አሉ። ከእኔ በቀር ሰው የለም አልኩ። እግዚአብሔርስ አሉ። እግዚአብሔር ወተትና ድንጋይ አይምታታበትም አልኩ። ተቆጡ። ጠጡ ግን። ቁስሉ ቁልጭ ብሎ ታየ። ዶ/ሩ ፊልሙን ገልብጦ ይዞ ኖሮ እኔ አዙሬ አሳየሁት። ይህን በመዝገቡ አይጽፍም። እኔ እዚህ ጻፍኩት፣ ደብተሬ፤ አንተ ያለኸው ለዚህ ነው።

ዶ/ር መስፍን ከአዲስ አበባ ከመጣ አራት ወሩ ነው። ስንተኛ ክፍል ድረስ እንደተማርኩ ዛሬም ጠየቀኝ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የለም አልኩት። ማሽኑን ለሳንባ ምርመራ ያመጣው ፈረንጅ ሲሄድ መጽሐፉን ጥሎልኝ ሄደ። የፈረንጁን ፊደል ከመድኃኒት ሣጥን ላይ ለየሁ። መጽሐፉን በአምስት ዓመት ዘለቅሁት። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ልጅ ሲፈትነኝ አልወድም።

መጋቢት ፪፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ፲፩ ሰዓት

ከስማዳ ቃሬዛ መጣ። ሁለት ቀን ተሸክመውታል። ስምንት ሰው፣ አንድ ጠመንጃ። ጋቢው ሲገለጥ ግራዝማች ደምለው ነው።

ይህን ስም ካንተ በፊት በነበሩት ደብተሮች ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። የእናቴ ወንድም ልጅ ነው። አንድ አያት፣ አንድ ርስት፤ ወገዳ አጠገብ፣ ወንዝ ዳር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተካሰናል። በመሬት መካሰስ የሰው ወግ ነው፤ በዚያ አልቂምበትም። እሱ ግን በዳኛ ፊት ቆሞ፣ መስቀል ጨብጦ፣ የታከለ እናት፣ የኔ እናት፣ በአያታችን ቤት ያደገች እንጂ ከአብራኩ የወጣች አይደለችም አለ። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። እዚያው ቆማ ሰማች። ከዚያ በኋላ ከአባቷ መቃብር ጎን ቅበሩኝ ማለት አፈረች። እዚህ ንፋስ መውጫ፣ ማንም ዘመዷ በሌለበት ደጅ ቀበርኳት።

ይግባኝ ጠይቄያለሁ። ቀጠሮው ጎንደር፣ መጋቢት ፲፯።

አየር ሳብ፣ ያዝ፣ ተንፍስ። ከስንት ዓመት በኋላ የነገርኩት ቃል ይኸው ነው። መሳብ አልቻለም። ፊልሙን አጠብኩ። ልቡ ቅል አክሏል፤ ታቹ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ። ቀጥሎ ያለ ፊልም ራጁ በቀጥታ በሚታይበት ሰሌዳ ላይ ሲንቀሳቀስ ላየው ፈለግሁ። ሰሌዳው የሚያበራው ደብዝዞ ስለሆነ ከፀሐይ የገባ ዐይን ምንም አያይበትም። ስለዚህ ቀይ መነጽር አድርጌ ሃያ ደቂቃ ግድግዳ ሥር እቀመጣለሁ፤ ገበያተኛ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ገብቼ አየሁ። የልቡ ጠርዝ አይመታም። መሐሉ ላይ ትንሽ ነገር ይፍጨረጨራል፤ ዙሪያው ውኃ ነው።

ለዶ/ሩ ነገርኩት። አላመነኝም። አንገቱን ዳሰሰ፣ ልቡን አዳመጠ፣ አመነ።

መጋቢት ፫፣ ዓርብ

ዶ/ሩ ውኃውን ሊቀዳ ነው። ረጅም መርፌ ከደረቱ አጥንት ሥር ገብቶ ልቡን የሸፈነውን ከረጢት ይበሳል። ጥቂት ካለፈ ልቡን ራሱን ይወጋል። ክፋቱ ደግሞ ይህ ውኃ ደም የሚመስል መሆኑ ነው፤ መርፌው የት እንዳለ በቀለሙ አይለይም። ስለዚህ በመርፌው በኩል ጥላ የሚጥለው መድኃኒት ጥቂት ይጨመራል። በሰሌዳው ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከረጢቱ ውስጥ ከሆነ ታች ወርዶ ይረጋል። ልቡ ውስጥ ከሆነ ደሙ ጠርጎት ይሄዳል። በመጽሐፌ አለ። ዶ/ሩ ሲደረግ አንድ ጊዜ አይቷል። እኔ አንድም ጊዜ አላየሁም።

የግራዝማች የበኩር ልጅ አላምረው ይህ ሁሉ ሲነገር ጠመንጃውን ተደግፎ ሰማ። ከዚያ ለዶ/ሩ፣ አባቴ ቢሞት የሚጠቀም ሰው አንድ ነው፣ እሱም መብራቱን የሚያበራው ነው አለው። ስለዚህ ዋስ ይጥራ አለ።

ዶ/ሩ አልገባውም። አባቱ እጄ ላይ ቢሞት በእኔ ፈንታ የሚጠየቅ የተከበረ ሰው እንዳቆም ማለቱ ነው ብዬ አስረዳሁት። ዶ/ሩ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ የጠየቀው ወግ ነው። ግን ዋስ የሚጠራ የተጠረጠረ ሰው ነው። አልጠራም አልኩ።

ትናንት ሲገባ አንቱ ይለኝ ነበር። ዛሬ አንተ አለኝ። አንተ ዋስ ሳትጠራ አባቴ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይተኛም አለ።

ዶ/ሩ ማክሰኞ ብሎ ቆረጠ። እስከዚያ ተስማሙ ብሎ ወጣ። ዳኝነቱን ለቃሬዛ ተሸካሚ ተወው። ሐኪም ብሎ ነገር።

መጋቢት ፬፣ ቅዳሜ

የደምለው ሚስት ወ/ሮ የሺ ፊልም ማጠቢያው ክፍል በር ድረስ መጣች። ሐኪሙ ለማክሰኞ ሆዱ ባዶ ይሁን ብሏል፣ እንዴት እናድርግ አለችኝ። ባዶ ይሁን ካለ ባዶ ይሁን አልኳትና በሩን ዘጋሁ።

ለሌላ በሽተኛ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህል አይቅመስ፣ ውኃ ግን ይጠጣ እላለሁ። ለሷ አላልኩም። ከዚያ ቤት ጋር ወሬ አልፈታም።

መጋቢት ፭፣ እሁድ፣ አቦ

አስቀድሼ ስመጣ ሦስት ሽማግሌ ደጄ ላይ። ዋስ የሚሆን ሞልቷል፣ አንተ ብቻ ጥራ አሉ። አንዱ እኔ ልሁን አለ። አልኩ እንግዲህ፦ ዓሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ማሽን የሀገሩን ሁሉ ደረት አይቻለሁ፤ ለማን ሲባል ዋስ ጥራ ተብዬ አውቃለሁ? ይሄኛው ግን ባላጋራህ ነው አሉ። እሱ ባላጋራዬ መሆኑን ማሽኑ አያውቅም አልኩ። አንተስ አሉ። ተነሥቼ ገባሁ።

ንፋሱ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ።

መጋቢት ፮፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከቀኑ ፭ ሰዓት። አንዲት የታች ጋይንት ሴት ሳንባዋን ላይላት ቀይ መነጽሬን አድርጌ ግድግዳው ሥር ተቀምጫለሁ። ጩኸት። ደምለውን በአንሶላ ይዘውት መጡ። ከንፈሩ አመድ፣ የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ተገትሯል። ዶ/ሩ እጁን ያዘ፤ ምት የለም ማለት ይቻላል። ምን ሰጣችሁት ብሎ ጮኸ።

ወ/ሮ የሺ ተናገረች። ኮሶ ጠጥቷል። ንጋት ላይ፣ አንድ ሙሉ ዋንጫ። ሆዱ ባዶ ይሁን ስለተባለ ጨርሶ ይጥራለት ብለው። ኮሶ የጠጣ ሰው ከሰው ተሸሽጎ ስለሚውል ጋቢ ጋርደው አስተኙት፤ ማንም አላየው። ሆዱ ተጠርጎ ሲወጣ አረፈደ፣ ጠብታ ውኃ አልቀመሰም። ያ የታፈነ ልብ የሚገፋው ደም እንኳ አጠረው።

ማን ነው ይህን ያላችሁ አለ ዶ/ሩ። ሴትየዋ ወደ እኔ አየች። መነጽሩ ስለጋረደኝ ዐይኔን አላየችውም። አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም።

ጠረጴዛው ላይ አጋድመን ትራስ ደገፍነው። አላምረው በሩ ላይ ቆመ፤ ጠመንጃው አግድም። ዋስ አለ። ዶ/ሩ ይሳደባል፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም። እኔ ሞተሩን አስነሥቼ ስመለስ ከደጅ ቀረሁ። አልጠራሁም። አሁንም አልጠራም ነበር፤ እውነቱን ልጻፍ።

ያኔ እሱ ከጠረጴዛው ላይ እጁን አነሣ። ሁለት ጊዜ ተንፍሶ አንድ ቃል ነው የሚያወጣው።

«ዋሱ እኔ ነኝ። ታከለ ይግባ።»

ልጁ፣ አባባ፣ የሞተ ሰው ዋስ አይሆንም አለው።

«ገና አልሞትኩም። ልቀቀው በሩን።»

ለቀቀ። ገባሁ። በባላጋራዬ ዋስትና ገባሁ፣ ደብተሬ። ከዚህ የከፋ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ዶ/ሩ በደም ሥሩ ጨውና ውኃ ለቀቀበት። በፋኖስ ብርሃን መርፌውን አስገባ። ደም ወጣ። ጥቁር ደም። ከረጢቱ ይሁን ልቡ አይታወቅም። ዶ/ሩ አላበው፤ ቀና ብሎ አየኝ። መድኃኒቱን ቀዳሁለት። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣልኩ፣ መነጽሬን አወለቅሁ፣ ፋኖሱን አጠፋሁ፣ ሰሌዳውን አበራሁ።

ዶ/ሩ ምንም አይታየኝም አለ። ከቀትር ፀሐይ ሮጦ ነው የገባው፤ እንዴት ይታየው። እርስዎስ አለኝ። ይታየኛል አልኩ።

ጨመረ። በሰሌዳው ላይ ጥቁር ጭስ ብቅ አለ። አንዴ ተመታ፣ ሁለቴ ተመታ፣ ተጠርጎ ሄደ።

መርፌው ልቡ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ሦስት ምት ይሆናል፤ ልቡን ስለማየው ቆጥሬዋለሁ። በዚያ ክፍል የሚያይ ዐይን የኔ ብቻ ነው። ረግቷል ብል ዶ/ሩ ውኃ መስሎት ከልቡ ደም ይቀዳል። ፊልም የለም። ምስክር የለም። ዋሱም ራሱ ነው። እናቴ መጣችብኝ፤ ፍ/ቤት ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

«ልቡ ውስጥ ነዎት» አልኩ። «ወደ ኋላ ይሳቡ።»

ሁለት የገብስ ፍሬ ያህል ሳበ። እንደገና ጨመረ። አሁን ጥቁሩ ዝቅ አለ፤ እንደ ጠላ አተላ ታች ወርዶ ተኛ፤ ልቡ ቢመታም አልተነሣም። ረጋ፣ እዚያው ይያዙ አልኩት። ቀዳ። አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሞልቶ ሁለተኛው ሲጋመስ የልቡ ጠርዝ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሲጀምር አየሁት። የእጁ ምት ተመለሰ። ከንፈሩ ሰው መሰለ።

ወጥቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ለሱ ብዬ አይደለም ያልኩት። ዓሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ሰሌዳ ላይ ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም ብዬ አላውቅም። ለደምለው ብዬ ልጀምር?

መጋቢት ፯፣ ማክሰኞ

እሱ አጥሚት ጠጣ። ተቀመጠ። ያስላል፤ ይሳደባል አሉ። ድኗል ማለት ነው።

ዶ/ሩ መጣ። አመሰገነኝ፤ ሲያመሰግን አያምርበትም። ከዚያ በሩን ዘግቶ፣ ትናንት መድኃኒቱን ከጨመርኩ በኋላ ለምን ዘገዩ አለኝ። እያየሁ ነበር አልኩት። እውነት ነው። ምን እያየሁ እንደነበር አልጠየቀኝም።

መጋቢት ፱፣ ሐሙስ

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። ከኋላቸው አላምረው፣ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፤ አንተ ስላለኝ፣ ስለጠረጠረኝ ይቅርታ ሊጠይቅ። አባቴን አዳኑልኝ አለ። አንቱ ተመለሰች።

ድንጋዩን አውርድ አልኩት። እናትህ ሆዱ እንዴት ባዶ እንደሚሆን ጠይቃኝ ነበር፤ ለሁሉ ሰው የምነግረውን ለሷ አልነገርኳትም፤ በሩን ዘጋሁባት። አባትህ ኮሶ የጠጣው እኔ ስለነፈግኳት ነው።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንደኛው ይህን በሰው ፊት ባትለው ምናለ አለኝ። ልጁ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ አወረደ። አላየኝም። ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ግን የመጡበትን አልተዉም። ግራዝማች የወንዝ ዳሩን ማሳ እኩሌታ ይሰጥሃል፣ ታረቁ፣ ክሱ ይቅር አሉ። እናቴስ አልኩ። ተያዩ። የሞተን ለሞት ተወው አሉኝ። ማሳው ሰው አይደለም፣ አይዋረድም፤ እኔ የከሰስኩት ለሞተችው ነው አልኩ። እኩሌታውን አልወስድም። ሙሉውንም ቢሰጠኝ በዝምታ አልወስድም።

እልኸኛ ነህ አሉኝ። ይህን ለመንገር ሦስት ሰው አያስፈልግም ነበር አልኩ።

ከቀኑ ፲፩ ሰዓት። ወ/ሮ የሺ የሱን መልስ ይዛ መጣች። የኮሶውን ነገር ልጁ ሄዶ ነግሮታል። ታከለ ለሚስቴ ከዚያ በላይ ቢናገር ኖሮ ነበር የሚደንቀኝ ብሎ ሳቀ አለችኝ። ሲስቅ ደረቱን አመመው። ዋስትናውንም አላነሣም አለ። ስለ እናቴ ግን ሌላ ነው የላከው፤ ቃል በቃል አስደገምኳት፦

«ቆሜ ያልኩትን ተኝቼ አልመልስም። ከመለስኩም በዚያው በዳኛ ፊት፣ ቆሜ ነው።»

ደርቆ የማይሰበር ሰው። ግን ከመለስኩም አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም።

መጋቢት ፲፩፣ ቅዳሜ

አዲስ ፊልም አነሣሁት። ውኃው እየተመለሰ ነው። ቅሉ ገና ትንሽ ነው፤ ግን ቅል ነው። ውኃውን ያመጣው የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ የተሰጠው መድኃኒት ሥራውን እስኪጀምር ድረስ አንድ ጊዜ ደግሞ መቀዳት አለበት። በጭነት መኪና ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ አይታሰብም፤ በዚያ መንገድ የጤነኛም ልብ አይተርፍም። ዶ/ሩ ረቡዕ ፲፭ ብሎ ቆረጠ።

እኔም ለ፲፯ቱ ቀጠሮ ጎንደር ለመድረስ የምነሣው ረቡዕ ፲፭ ነው።

ወ/ሮ የሺን አስጠራኋት። ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ እህል የለም፣ ውኃ እስከ ንጋት ይጠጣ፣ ኮሶ እንዳይታሰብ። አስደገምኳት። ሁለት ጊዜ።

መጋቢት ፲፪፣ እሁድ

አርብ ገበያ ከተማ ያለው ነገረ ፈጄ ወረቀት ላከ። ደስ ብሎታል። ደምለው ታሟል፣ አይቀርብም፤ አንተ ብቻ ቅረብ፣ በሌለበት ይፈረድልሃል፣ ማሳው ያንተ ነው ይላል። ብትቀር ግን ይግባኙ ይዘጋል፣ ዳግመኛ አይከፈትም ይላል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ዶ/ሩ ጠዋት ቀይ መነጽሩን ተበደረኝ። ግድግዳው ሥር አጠገቤ ተቀመጠ። ገበያ ባይኖርም ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው በሁለታችን ሳቀ። ዶ/ሩ አፈረ፤ አልተነሣም ግን። ሃያ ደቂቃ። ገብተን የአንዱን ቁስል ጠራጊ ድሬሰር ደረት አሳየሁት። ጉበቱ የት ያልቃል፣ ልቡ የት ይጀምራል። ሦስቱን አወቀ፣ አምስቱን ሳተ። ቢሄዱ እኔ እሞክራለሁ አለኝ። እንዲቀሩ አልለምንም አለ። አልለመነኝም። እንዲያ ስለሆነ ትንሽ ቀለለኝ።

ከሳታቸው አንዱ የመርፌው ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

መጋቢት ፲፫፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ፫ ሰዓት

አሰብኩበት። ብሄድ ማሳውን አገኛለሁ። ፍርዱ ላይ የሚጻፈው ግን ተከሳሽ ስላልቀረበ የሚል ነው። ስለ እናቴ አንድ ቃል አይኖርበትም። ያንን ቃል የካደው አንድ አፍ ነው፤ የሚመልሰውም ያ አፍ ብቻ ነው። ረቡዕ ዕለት በዚያ ሰው ደረት ውስጥ ያለ መርፌ ሁለት የገብስ ፍሬ ቢያልፍ፣ እናቴ ለዘላለም በአያታችን ቤት ያደገች ብቻ ሆና ትቀራለች።

ብቀር ይግባኙ ሊዘጋ ይችላል። ዳኛው ደግ ከሆነ አዲስ ቀን ይሰጣል። ደግ ዳኛ አላየሁም። ቢሆንም።

ዛሬ ጻፍኩ። ለክቡር ፍ/ቤቱ። ተከሳሽ ግራዝማች ደምለው በልቡ ዙሪያ ውኃ ስለሞላ በዕለቱ መቅረብ አይችልም። ይግባኝ ባይ ታከለም ለተከሳሽ የራጅ ሰሌዳ የሚያይለት ሌላ ሰው ስለሌለ በዕለቱ መቅረብ አይችልም። ይግባኝ ባይ ተከሳሹ ቆሞ መልስ እንዲሰጥ ስለሚፈልግ፣ ሁለቱም በእግራቸው መቆም እስኪችሉ ሌላ ቀን እንዲሰጥ ይለምናል። ይለምናል የምትለዋን ሦስት ጊዜ ሰረዝኳት፤ ያለሷ ፍ/ቤት ደብዳቤ አይቀበልም፤ መልሼ ጻፍኳት።

ለነገረ ፈጁ አልነገርኩም። ለሽማግሌዎቹም። ለሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ አልነግርም፤ ማዘን እንዳይመስለው። አላዘንኩለትም። ይዳን። ይነሣ። ጎንደር በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ደህና ትንፋሽ ስቦ፣ ዳኛው እየሰማ የእናቴን ስም ከነአባቷ ይጥራ። ከዚያ ወዲያ ማሳውን ውኃ ይውሰደው።

የጎንደሩ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ነው። ደብዳቤውን ለሾፌሩ ልሰጥ ወጣሁ። ረቡዕ ከጠዋቱ ፪ ሰዓት ሞተሩን አስነሣለሁ፤ ከዚያ በፊት ናፍጣውን በጨርቅ አጠልለዋለሁ።